አርታኢ ከመቅጠራችን በፊት፦ የእንግሊዝኛው መመሪያ የማያየው አማርኛ

ልብ ወለድ በሚጽፉ እኩዮቼ ስልክ ውስጥ የማይጠፋ አንድ መጽሐፍ አለ፤ «ሰልፍ ኤዲቲንግ ፎር ፊክሽን ራይተርስ»። ለልብ ወለድ ጸሐፊዎች የተዘጋጀ የራስ አርትዖት መመሪያ ነው። የጻፉት ሬኒ ብራውን እና ዴቭ ኪንግ የተባሉ አሜሪካውያን አርታኢዎች ናቸው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ተሻሽሎ ደግሞ በ2004 ታተመ። 12 ምዕራፎች አሉት። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ችግር ያነሳል፣ በምሳሌ ያሳያል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የራሳችንን ረቂቅ የምንፈትሽበት ዝርዝር ይሰጠናል።

ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ይህን ቀድሜ ልናገር። ክርክሬ ከመጽሐፉ ይልቅ ከአጠቃቀማችን ጋር ነው። ብራውንና ኪንግ የእንግሊዝኛን ጠባይ መርምረው ለእንግሊዝኛ መድኃኒት አዘዙ። እኛ የሰው ማዘዣ ይዘን ፋርማሲ ሄድን። ውጤቱን ረቂቆቻችን ላይ አየዋለሁ፦ ተቆራርጦ የተበተነ፣ ትንፋሽ የሌለው፣ ፊደሉ የኛ ሆኖ ሲነበብ ግን ትርጉም የሚመስል አማርኛ። የአማርኛ የራሱ ጥፋቶች ደግሞ ማንም ሳይነካቸው አርታኢው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከዚህ መመሪያ የትኛው ምክር ወደ አማርኛ ይሻገራል? የትኛው አይሻገርም? መመሪያው ጭራሽ የማያውቀውስ ምንድን ነው?

መጀመሪያ፣ ለምን ራሳችን እናርማለን?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በኛ ሙያ ኮድ ጽፈን ለባልደረባ ከማሳየታችን በፊት ሊንተር በሚባል ፕሮግራም እናስፈትሸዋለን። ሊንተሩ የተረሳ ቅንፍ፣ የተዛባ አደራደር፣ ተፈጥሮ ሥራ ላይ ያልዋለ ስም ይለቅማል። ይህን የምናደርገው የሰው ትኩረት ውስን ስለሆነ ነው። 200 የክፍተትና የቅንፍ ጥፋት ያለበት ኮድ የተሰጠው ሰው እነሱን ሲለቅም ይውልና ፕሮግራሙ ከደንበኛው ሂሳብ ሁለቴ እንደሚቀንስ ሳያይ ያልፋል። ዓይኑ ደክሟላ።

ረቂቅም ያው ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አሳታሚው ራሱ ደራሲው ነው። ለአርታኢ፣ ለሌይአውት፣ ለሽፋን፣ ለማተሚያ ቤት ከኪሱ ይከፍላል። የእንግሊዝኛው የኅትመት ዓለም አርትዖትን ይከፋፍለዋል፤ አንዱ የታሪኩን አወቃቀር ያያል፣ አንዱ ዐረፍተ ነገሩን ያቃናል፣ ሌላው ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ይለቅማል። እኛ ጋ ሦስቱም ሥራ «አርትዖት» በሚለው በአንዱ ቃል ውስጥ ይጠቃለልና አንድ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ያውም በአንድ ክፍያ። ያ ሰው ጊዜውን «ሀ»ን ወደ «ሐ» ሲቀይር ከጨረሰው፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በምዕራፍ ሰባት ለምን ከቤት እንደወጣች ማንም አልጠየቀም ማለት ነው። መጽሐፉ ታርሟል፤ ግን አልተነበበም።

የራስ አርትዖት ዓላማ እንግዲህ አርታኢውን ለትልቁ ሥራ ነጻ ማውጣት ነው። ይህ የብራውንና የኪንግም መንፈስ ነው፤ እዚህ ላይ አንለያይም።

የሚሻገሩት ምክሮች

መጽሐፉ ደጋግሞ የሚሰጠው ምክር አንባቢ የገባውን ነገር መልሳችሁ አታብራሩ የሚል ነው። ለኛ ይህ አዲስ አይደለም፤ የሰምና ወርቅ ልጆች ነን። ቅኔ ዘርፎ ወርቁን ወዲያው የሚፈታ ሰው ቅኔውን ገደለው። እና ግን ረቂቅ ላይ ይህን እንረሳለን። ለምሳሌ እንዲህ ያለ አንቀጽ ውሰዱ፦

«ወይዘሮ አስካለ የልጃቸውን ደብዳቤ አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ቋጠሮውን ዳሰስ አደረጉ። ልጃቸው በጣም ናፍቋቸው ነበር። የእናት አንጀት አይጨክንም እንዲሉ።»

ሁለቱ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሮች ሥራውን ጨርሰዋል። ሦስተኛው ያብራራል። አራተኛው ማብራሪያውን ያብራራል። የአማርኛው ጠባይ እዚህ ላይ ነው፦ በኛ ረቂቆች ውስጥ ትርፍ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ የአባባል ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ጌጥ ይመስለናል። የኔ መመዘኛ ቀላል ነው። አባባሉ ከገጸ ባሕርይ አፍ ከወጣ ይቆይ፤ ሰዎች እንደዚያ ያወራሉ። ተራኪው ትዕይንቱን ከጨረሰ በኋላ እንደ ማኅተም የሚመታው ከሆነ ግን ይውጣ።

ሁለተኛው የሚሻገር ምክር ስለ ድግግሞሽ ነው። አንድን ነገር በሁለት መንገድ መናገር ከአንዱ ያነሰ ኃይል አለው ይላሉ። አማርኛ ደግሞ ጥንድ ቃል ይወዳል፦ «ችግርና መከራ»፣ «ደስታና ሐሴት»፣ «ውብና ማራኪ»፣ «ጭንቀትና ጥበት»። እዚህ ላይ ምክሩን እንዳለ መቀበል አንችልም። ሽማግሌ ሲመርቅ ጥንድ ቃል ያስፈልገዋል፤ ምርቃት ያለ ድግግሞሽ ምርቃት አይሆንም። ልቅሶ ላይም እንደዚያው። ተራኪው የአንድ ካፌ ግድግዳ ሲገልጽ «ውብና ማራኪ» ካለ ግን አንዱ ቃል ለሌላው ሸክም ነው። ስለዚህ ጥንድ ቃሎቹን አስምሩባቸውና ማን እየተናገረ እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ከሆነ እሰየው፤ ተራኪው ከሆነ አንዱን ሰርዙ።

ሦስተኛው ስለ ንግግር ማሰሪያ ነው። መመሪያው ለምልልስ ተራውን ግስ ተጠቀሙ ይላል፤ አንባቢ ስለማያየው። በአማርኛ «አለ» እና «አለች» ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ጠላታችን «በማለት ተናገረ»፣ «ሲል ገለጸ»፣ «ሲል ጠየቀ» ነው። እነዚህ ከዜና የመጡ ናቸው። «የት አመሸህ?» ብላ ለምታፋጥጥ ሚስት «በማለት ጠየቀችው» ስንጨምርላት ሳሎኑ ወደ ጋዜጣዊ መግለጫ ይቀየራል። ጥያቄ ምልክቱ ጠይቋል፤ «አለችው» ይበቃል።

የማይሻገሩት

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። መጽሐፉ በ«ኤልዋይ» የሚያልቁ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሶችን ቀንሱ ይላል። ይህን ተከትሎ «ተውሳከ ግስ አጥፋ» የሚል ሕግ እኛም ጋ ገብቷል። ችግሩ አማርኛ ያን ሥራ በአብዛኛው በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ወይ «በ» ጨምረን «በፍጥነት»፣ «በንዴት» እንላለን፤ ወይ ደግሞ ግስ አስቀድመን «ፈጥኖ መጣ»፣ «ተናዶ ወጣ» እንላለን። ሁለተኛው ሕያው አማርኛ ነው፤ እሱን የሚያጠፋ ሰው ቋንቋውን ይጎዳል። መፈለግ ያለብን ቃል ሌላ ነው፤ «ሁኔታ»። «በሚያስደንቅ ሁኔታ»፣ «በተረጋጋ ሁኔታ»፣ «ባልተጠበቀ ሁኔታ»። ረቂቃችሁ ውስጥ «ሁኔታ» የሚለውን ቃል ብቻ ፈልጉና ስንት ቦታ እንደወጣ ቁጠሩ። «በተረጋጋ ሁኔታ ተቀመጠ» የሚለው «ረጋ ብሎ ተቀመጠ» ሲሆን ሰውየው ራሱ ይታያል።

ትልቁ ጉዳት ግን ከሌላ ምክር የመጣ ነው። መጽሐፉ በ«አይኤንጂ» የሚያልቁ ግሶችን በዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ መደርደር የጀማሪ ምልክት ነው ይላል። ምክንያቱም ትክክል ነው፦ በእንግሊዝኛ ያ አገባብ ድርጊቱን ያደበዝዘዋል፣ አብረው ሊፈጸሙ የማይችሉ ነገሮችንም አንድ ላይ ያስኬዳል። ይህን ሕግ ወደ አማርኛ ያመጣ ሰው መጀመሪያ የሚመታው ቦዝ አንቀጹን ነው። እስቲ እነዚህን አወዳድሩ፦

«በሩን ከፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጓሮ ወጣ።»

«በሩን ከፈተ። ጫማውን አወለቀ። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ወደ ጓሮ ወጣ።»

ሁለተኛው ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ይመስላል። አንዳንዴ ያ ድምፅ ይፈለጋል፤ ድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ዓለምን እንደዚያ ቆራርጦ ሊያይ ይችላል። እንደ ሕግ ከተወሰደ ግን የአማርኛን የትረካ አከርካሪ ይሰብራል። «ከፍቶ» ውስጥ ድርጊቱ ማለቁና ቀጣዩ መምጣቱ ሁለቱም አሉ። ቅደም ተከተሉ አይምታታም። በአማርኛ የመጽሐፉን ስጋት የሚሸከመው «እየ» ነው። «በሩን እየከፈተ ጫማውን እያወለቀ ገባ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስንት እጅና እግር እንዳለው ይጠየቅ። ስለዚህ ቦዝ አንቀጹን ተዉትና «እየ»ን ፈትሹ፦ ሁለቱ ድርጊቶች በእውነት አብረው ይሄዳሉ?

ቦዝ አንቀጽም የራሱ ወጥመድ አለው፤ እሱ ግን መመሪያው ውስጥ አይገኝም። መሐል ላይ ባለቤቱ ሲቀየር አንባቢ ይጠፋል። «አባቱ ተቆጥቶ፣ ልጁ አልቅሶ፣ እናቱ አባብላው ወጣ።» ማን ነው የወጣው? አባትየው ነው ልጁ? ደራሲው ያውቃል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን አያውቅም። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ሰንሰለቱ ምንም ያህል ቢረዝም ባለቤቱ አንድ ከሆነ ይሂድ፤ ባለቤቱ የተቀየረበት ቦታ ላይ አራት ነጥብ ይምጣ።

ከመጨረሻው መጀመር

የእንግሊዝኛ አርታኢዎች የዐረፍተ ነገሮችን መጀመሪያ ተመልከቱ ሲሉ እሰማለሁ፤ በተከታታይ «እሱ፣ እሱ፣ እሱ» እያሉ እንዳይጀምሩ። በአማርኛ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ስለሚገባ ያ ችግር ያን ያህል አያስቸግርም። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ድግግሞሹም እዚያው ይከማቻል።

ለዚህ ሃያ መስመር የማይሞላ ፕሮግራም ጽፌ እጠቀማለሁ። ጽሑፉን በአራት ነጥብ ይቆራርጥና የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃል ብቻ ከላይ ወደ ታች ይዘረዝራል። አንድ ጓደኛዬ የሰጠኝን ምዕራፍ ሳስገባው ዝርዝሩ እንዲህ ወጣ፦ ነበር፣ ነበር፣ ነበረች፣ ነበር፣ ነበሩ፣ ሄደ፣ ነበር። ታሪኩን ሳላነብ ምዕራፉ ለምን እንደሚጎተት ገባኝ። ፕሮግራም ለማይጽፍ ሰው እርሳስ ይበቃል፤ በአንድ ምዕራፍ የመጨረሻ ቃሎቹን ብቻ ማክበብ ነው።

ይህ ማለት ግን «ነበር» ይጥፋ ማለት አይደለም። «ነበር» መጋረጃ ይዘረጋል፤ ጊዜውንና ቦታውን ያስቀምጣል። አንዴ ከተዘረጋ በኋላ ተራው ኃላፊ ግስ ታሪኩን ይሸከመው። «ዝናብ ይዘንብ ነበር። ታክሲ ጠፍቶ ነበር። እሷም ቆማ ነበር። ስልኳ ጮኾ ነበር» ከማለት «ዝናብ ይዘንብ ነበር። ታክሲ ጠፋ። ቆመች። ስልኳ ጮኸ» ቢባል መጋረጃው ይከፈትና ሰው ይገባል።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን አራት ነጥብ ስንጽፍ ሁለት ሁለት ነጥብ አጠገብ ለአጠገብ እንመታለን፤ «።» ሳይሆን «፡፡»። ለዓይን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ነው። ፍለጋውም፣ ቆጠራውም፣ መስመር አቆራረጡም ይበላሻል። ምንም ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ረቂቁን በሙሉ ወደ አንዱ ቀይሩት። ሁለት ደቂቃ ነው።

መመሪያው ጭራሽ የማያውቃቸው

አንደኛው ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሞክሼዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ያዙ፤ ትክክልም ነበር። ግን ኮምፒውተሩ «ሀ» እና «ሐ» አንድ ድምፅ እንደሆኑ አያውቅም። ዓለም ፀሐይ የምትባል ገጸ ባሕርይ አለችን እንበል። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ አራት። «ፀ» ወይ «ጸ»፤ ሁለት። «ሐ» ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ ስድስት። አራት ሲባዛ በሁለት ሲባዛ በስድስት 48 ነው። ስሙ ተያይዞም ተለያይቶም ሊጻፍ ስለሚችል 96። የአንዲት ሴት ስም ነው ይሄ!

የትኛው ትክክል ነው የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ለራስ አርትዖት የሚያስፈልገው ወጥነት ነው። አንድ ገጽ ላይ የስሞችንና የሚደጋገሙ ቃሎችን አጻጻፍ ወስኑና ዘርዝሩ። ከዚያ ያልመረጣችኋቸውን አጻጻፎች አንድ በአንድ ፈልጉ። አሰልቺ ነው፤ አዎ። ግን ይህን አርታኢው እንዲሠራው ከተዋችሁት የምትከፍሉት ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው አክብሮት ነው፤ ለኔ ከሁሉም የሚያስገርመው። መጽሐፉ ስለ እይታ ነጥብ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ ታሪኩን በማን ዓይን እንደምናይ። በእንግሊዝኛ ይህ በመረጃና በርቀት ይወሰናል። በአማርኛ ግሱ ራሱ ይናገራል። «አቶ ግርማ ገቡ» እና «ግርማ ገባ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ተራኪዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቀና ብሎ ያያል፤ ሁለተኛው እኩያ ነው ወይም ንቋል። ትዕይንቱ የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ውስጥ ከሆነ አያቷ «ሳቁ» እንጂ «ሳቀ» አይባሉም። ምዕራፉ መሐል ላይ «ሳቁ» ወደ «ሳቀ» ከተንሸራተተ፣ ደራሲው ሳያውቀው ከልጅቷ ዓይን ወጥቷል።

አክብሮት ከብዙ ቁጥር ጋርም ይጋጫል። «አባ ወልዴ ሰዎቹን አዩዋቸው። ዝም አሉ።» ዝም ያሉት አባ ወልዴ ናቸው ወይስ ሰዎቹ? እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ስሙን መድገም ጥፋት አይደለም።

እና ደግሞ፣ ሁለት ሰዎች ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የተሻገሩበትን ገጽ ፈልጉ። ያ ገጽ በራሱ ክስተት ነው። አንድ ሰው ደፍሯል፣ ወይ ተቀራርቧል፣ ወይ ተቆጥቷል። ረቂቁ ውስጥ ሽግግሩ ሳይታወቅ ከተፈጸመ፣ ከመጽሐፋችሁ ጥሩ ትዕይንቶች አንዱን ሳትጽፉት አልፋችኋል ማለት ነው።

ራሳችንን ማረም የማንችልበት ቦታ

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ብቻችንን የምንሠራው ነው። አሁን ደግሞ ድንበሩ።

አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ማን አለ?» ላልቶ ሲነበብ ማን ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ማን አለ እዚያ። «ልጁ ይመታል» ላልቶ ልጁ መቺ ነው፤ ጠብቆ ደግሞ ተመቺ። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህ አሳስቧቸው በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል። ልማዱ ብዙ ተከታይ አላገኘም፤ ግን አንድ ደራሲ አንባቢው በትክክል እንዲሰማው ምን ያህል ርቀት እንደሄደ ያሳያል።

ይህን ያነሳሁት ነጥቡ ይመለስ ለማለት አይደለም። ደራሲ በራሱ ጽሑፍ ላይ ይህን ጥፋት ሊያይ አይችልም፤ ለዚያ ነው። ስንጽፈው ድምፁን ሰምተነዋል። ስናነበውም ያንኑ ድምፅ እንሰማለን። አሥር ጊዜ ብናነበው አሥር ጊዜ ይጠብቅልናል። ጥፋቱ የሚገለጠው ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብልን ብቻ ነው። እንዲያውም ከሁሉ የሚጠቅመው ርካሽ ፈተና ይህ ይመስለኛል፦ ታሪኩን የማያውቅ ሰው አንድ ምዕራፍ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ዝም በሉ። አታርሙት፣ አታብራሩለት። የተደናቀፈበትን፣ ተመልሶ ያነበበበትን፣ ባላሰባችሁት ድምፅ ያነበበበትን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉ።

መጥበቅና መላላት ለትልቁ ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። ዓለም ፀሐይ ለምን ከቤት እንደወጣች ለደራሲው ግልጽ ነው፤ ድምፁ ጭንቅላቱ ውስጥ ይሰማዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ላይኖር ይችላል። ይህን የሚነግረን ሊንተር የለም፤ ዝርዝርም የለም። አርታኢ የምንቀጥረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ረቂቁን ስትሰጡ አንድ ገጽ አብራችሁ ስጡ። የመረጣችሁት አጻጻፍ ዝርዝር ይኑርበት። ተራኪው ማንን በአክብሮት፣ ማንን በአንተታ እንደሚጠራ ይኑርበት። ሆን ብላችሁ የጻፋችሁት የአካባቢ አነጋገርና የሰፈር ቋንቋ ይመዝገብ፤ አርታኢው ጥፋት መስሎት እንዳያቃናው። ከታች ደግሞ ራሳችሁ መመለስ ያቃታችሁን ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ምዕራፍ ሰባት ላይ መውጣቷ ይታመናል ወይ? የአባትየው ሞት ቶሎ መጣ ወይ? መጨረሻው ተገምቷል ወይ?

ብራውንና ኪንግ ለዚህ ዝርዝር አልሰጡንም፤ ሊሰጡንም አይችሉም ነበር። እነሱ ያደረጉት የገዛ ቋንቋቸውን ጠባይ ቁጭ ብለው ማጥናት ነው። ከነሱ የምንወስደው ይሄንን ትጋት ነው፤ ዝርዝሩን ከራሳችን ረቂቅ እናወጣዋለን።